ለባለጋሪው የተሠራ ልጓም

ጥቅምት 22 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ይህ ደብተር የባለጋሪው የአብተው ነው። ሌላ አብተው ካለ የራሱን ይግዛ።

የማታ ትምህርት ጨርሼ ትናንት የምስክር ወረቀቴን ተቀበልኩ። ደብተሩንም የሰጠችኝ ያኔ መምህርት ፋዲላ ናት። «ጋሽ አብተው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ይጠፋብዎታል» አለችኝ። ከእኔ ምን ይጠፋል! ከሠላሳ ስምንት ተማሪ አንደኛ ወጥቼ! ሁለተኛ የወጣችው ጠላ ሻጯ ናት፤ እሷም ከእኔ ወረቀት ገልብጣ።

ሰባተኛ ነው የወጣሁት። የገዛ ደብተሬን መዋሸት ምን ያደርግልኛል። ሰባተኛም ቢሆን ከኋላዬ ሠላሳ አንድ ሰው አለ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጉድ ሆንኩ። ከባቡር ጣቢያ አንዲት ሴትዮ ከነሻንጣዋ ጫንኩ። የምትወርደው ፖስታ ቤት አጠገብ ነበር። እንቅልፍ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ስነቃ ዳማ፣ ፈረሴን ማለቴ ነው፣ የገዛ ቤቴ ደጅ ላይ ቆሟል። ሴትዮዋ ትጮሃለች። ሚስቴ ሮማነወርቅ ብቅ ብላ «እንግዳ ይዘህልኝ መጣህ?» አለችኝ።

ወደ ጋሪ ማቆሚያው ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሰንበታ ከጋሪው ላይ ሆኖ «አካም አብተው! ዛሬ የነዳው ማን ነበር?» አለኝ።

«በናዝሬት ተኝቶ የሚሠራ ባለጋሪ እኔ ብቻ ነኝ» አልኩት።

ሁሉም ሳቁ። መሐመድሰዒድም ነበር፤ የእሱ ሳቅ የሁሉንም ዋጠው። መሐመድሰዒድ ወሎዬ ጓደኛዬ ነው። የመንግሥት ድርጅት ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል። በማንኮራፋት የሚስተካከለኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ደራ ለቅሶ ሄደን አንድ ድንኳን ውስጥ ብንተኛ፣ ሐዘንተኛው ሐዘኑን ትቶ ሁለታችንን ሲያገላብጥ አደረ። ጥርሱ ግን ያስቀናል። ሠላሳ ሁለቱም ነጭ፣ ሠላሳ ሁለቱም ድንጋይ። የለስላሳ ቆርኪ የሚከፍተው በጥርሱ ነው።

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ማታ

ከራት በኋላ ሮማነወርቅ አስቀምጣ ተናገረችኝ።

«ማንኮራፋትህንስ ለምጄዋለሁ፤ ሃያ ዓመቴ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ስትል ነው።»

«ዝም ስል ደግሞ ምን ሆንኩ?»

«ትንፋሽህ ይቆማል። ደረትህ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። እቆጥራለሁ። ትናንት ሃያ ስድስት ደረስኩ። ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስበህ ትባንንና መልሰህ ትተኛለህ። እኔ ግን አልተኛም።»

«እንግዲያው ሠላሳ ስትደርሺ ቀስቅሺኝ፤ እስከዚያ ቁጥር ትለማመጃለሽ» አልኳት።

አልሳቀችም። ተነሥታ ሳህኑን አነሣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እስከ ዛሬ ከጭስ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ተያዝኩ። አቶ መርጋን ወደ ሆስፒታል ሳደርሰው ገና ጋሪው ላይ እንደወጣ «ጋሽ አብተው፣ ባለቤትዎ መጥተው ነግረውኛል» አለኝ። ያቺ ሴት! አቶ መርጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ሁለት ዓመት ተምሮ መጥቷል።

«ሲተኙ የታችኛው መንጋጋዎ ወደ ኋላ ይሸሻል» አለኝ። «ምላስም አብሮ ይወድቅና የጉሮሮን በር ይዘጋል። አየር ሲያጣ አንጎልዎ ይቀሰቅሰዎታል። እርስዎ አያውቁትም እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ሲነቁ ነው የሚያድሩት። ቀን ጋሪ ላይ የሚጥልዎት ያ ያልተኙት እንቅልፍ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«እዚያ ሳለሁ አስተማሪያችን ለጥቂት ሰዎች ሲሠራ አይቻለሁ፤ አዲስ ነገር ነው። ላይኛውና ታችኛው ጥርስ ላይ ይገባል፤ መንጋጋን ወደ ፊት ስቦ ይይዛል። ማታ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል። ለሁሉም ሰው አይሆንም። ጥርስዎ ጠንካራ ከሆነ ግን ለእርስዎ ልሞክረው።»

አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ዳማ ሳይቀር ዞሮ አየን።

የገባኝ ከወረደ በኋላ ነው። አፍ ውስጥ የሚገባ፣ መንጋጋ የሚይዝ። ይሄ እኮ ልጓም ነው! ሠላሳ ዓመት ፈረስ ስለጉም ኖሬ በተራዬ ልለጎም? ሰንበታ ይህን ከሰማ ናዝሬትን ለቅቄ መሰደዴ ነው።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

አቶ መርጋ የጥርሴን ልክ ሊወስድ ጀሶ የተሞላ ብረት አፌ ውስጥ ከተተና «ይንከሱ» አለኝ። ነከስኩ። መናገር የለም። ሮማነወርቅ አጠገቤ ቆማ «በሃያ ዓመት ዛሬ ዝም አልክ» አለች።

ስመለስ አቶ ሐዲስ ትዝ አለኝ። ባለጋሪ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያስገባ ጊዜ «የተውሶ ጥርስ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ማቆሚያው በሙሉ ስሙን ተቀበለ፤ እሱም ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ጀመረ። በሦስተኛው ወር ፈረሱን ሸጦ ከመካከላችን ጠፋ። ቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑን እሱም ያውቅ ነበር ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ልጓሙ ደረሰ። እንደ ድድ ቀይ ነው፤ የላዩና የታቹ ተጣብቋል። አቶ መርጋ ትእዛዙን በወረቀት ጻፈልኝ፣ ራሴ አነበብኩት። ማንም አላነበበልኝም! በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። ሙቅ ውኃ አይንካው፣ ይጣመማል። በሳምንቱ ለማስተካከል ይምጡ። በእርስዎ አፍ ልክ የተሠራ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይስጡ።

ለማን ልሰጠው? የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ ትራስ ሥር ሸሸግኩት። ሮማነወርቅን ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ምራቅ። ትራሱ ረጠበ። መንጋጋዬ ታመመ። ጠዋት ጥርሴ አልገጥም አለኝ፤ እስከ ቁርስ ድረስ አፌ የሌላ ሰው አፍ ነው። ሌሊት አውጥቼ ወረወርኩት። ሮማነወርቅ አጥባ መልሳ ከተተችው። ልክ እንደ ፈረስ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

አቶ መርጋ ትናንት ትንሽ ሞርዶ አስተካከለልኝ። ዛሬ ጠዋት የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

ነቃሁ። ራሴን አላመመኝም። አፌ አልደረቀም። ዓይኔ ላይ ይቀመጥ የነበረው ድንጋይ የለም። የሞትኩ መስሎኝ ሮማነወርቅን ባያት ተኝታለች። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፊቷ ላይ አርፋለች፣ እሷ ግን ተኝታለች። ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ቀድሜ የምተኛውም ዘግይቼ የምነቃውም እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ወጣሁ። ዳማን ራሴ አበላሁት።

ቀኑን ሙሉ አንዴም አላንጎላጀሁም። ዳማ እንኳ ተገርሟል፤ በየመታጠፊያው ዞሮ ያየኛል።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ማቆሚያው ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት መሐመድሰዒድ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ በርቷል። እንቅልፉም ለቆሃል አሉ። ምን አደረግህ? እኔንማ ሊገድለኝ ነው፣ በአላህ ንገረኝ።»

ሁሉም ይጠብቃሉ። ሰንበታ ጥርሱን እየፋቀ ያየኛል።

«ትምህርት ነው!» አልኩ። «የተማረ ሰው አያንቀላፋም። አንተም ተመዝገብ።»

ማቆሚያው በሳቅ ፈረሰ። መሐመድሰዒድም ሳቀ፣ ግን ቶሎ አቆመ። ለብቻው ሳገኘው እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ከቁልቢ የሚመለሱት መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል። ብዙ ሰው አመላለስኩ።

ማታ መሐመድሰዒድ ቤት ድረስ መጣ። ለብቻው። ተቀመጠ፣ ሻይ ቀረበለት፣ ብርጭቆውን እንደያዘ አንገቱ ወደቀ። ሮማነወርቅ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለችው። ሲነቃ አፈረ።

«አብተው፣ ቀልዱን ተው» አለኝ። «ትናንት ሞጆን ማለፌን አላስታውስም። መኪናው ራሱ ነው ያለፈው። ሀጂራ ደግሞ ሌሊት ትንፋሼ እንደሚቆም ትነግረኛለች።»

ሮማነወርቅ ወደ መኝታ ቤቱ አየች። ቆርቆሮው ወዳለበት። «መሐመድሰዒድ፣ እኔ ልንገርህ…» ብላ ስትጀምር ቀደምኳት።

«መድኃኒቱ ይኸውልህ!» ብዬ ከመደርደሪያው ባዶ የአረቄ ጠርሙስ አነሣሁ፤ ጠረኑ ገና አለቀቀውም። ውኃ ሞላሁበት። «እንቅልፍ ሲመጣብህ ፊትህ ላይ አፍስስ። ትራፊክ ቢያስቆምህ ዘምዘም ነው በለው።»

ሳቀ። ወሰደውም። ሮማነወርቅ በር ድረስ ሸኝታው ተመለሰች። «ነገ እነግረዋለሁ» አልኳት። «ነገ ማቆሚያው ላይ ነው የምታገኘው፣ እዚያ ደግሞ አንተ ሌላ ሰው ነህ» አለችኝ።

ጥር 4፣ ሰኞ

መሐመድሰዒድ የለም፤ መቂ ነው። የሽንኩርት ወቅት ስለሆነ በላይ በላዩ ይጭናሉ። ሲመለስ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ለጥምቀት ዳማን በቀይ ከፈይ አስጌጥኩት። በናዝሬት እንደ እሱ ያማረ አልነበረም። መሐመድሰዒድን ከሩቅ አየሁት፤ ከመኪናው መስኮት ጠርሙሱን አውጥቶ አሳየኝ። እኔም እጄን አነሣሁለት። ሰው ብዙ ነበር።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

መሐመድሰዒድ ተገለበጠ። ቆቃ አጠገብ። ጎህ ሲቀድ። በሕይወት አለ ይላሉ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ሆስፒታል ሄድኩ። ፊቱ መሪውን መትቷል። መንጋጋው ተሰንጥቆ በጨርቅ ታስሯል፤ መናገር አይችልም። በር ላይ ፖሊስ ተቀምጧል። ሌላ ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። መኪናው ግን አልቋል። ሽንኩርቱ መንገድ ለመንገድ ፈሷል።

ሰዉ ፍሬኑ እንቢ ብሎ ነው ይላል። ፍሬን ይሆናል። ያረጀ መኪና ነው፤ ባለፈውም ፍሬኑ ያስቸግራል ሲል ሰምቼዋለሁ። ፍሬን ነው።

የካቲት 8፣ እሑድ

መኪናው ውስጥ የአረቄ ጠርሙስ ተገኘ አሉ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ሚስቱን ሀጂራን በጋሪዬ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። መንገዱን ሁሉ ፌስታሏን እቅፏ ውስጥ ይዛ መጣች። ልትወርድ ስትል ጠየቀችኝ።

«ጋሽ አብተው፣ ጠጥቶ ነው እያሉ ነው። የአብዮቱን ንብረት ሆን ብሎ አወደመ፣ አሻጥር ነው የሚልም አለ። እስር ቤት ሊከቱት ነው። እርስዎ ያውቁታል፤ ቀምሶ ያውቃል?»

«በፍጹም አያውቅም።»

«ታዲያ ጠርሙሱ ከየት መጣ?»

«እንጃ» አልኳት።

እንጃ። እንዲህ ነው ያልኳት።

የካቲት 12፣ ሐሙስ፣ ሌሊት

ልጓሙን አላስገባሁም። ቆርቆሮውን ከፍቼ እያየሁት ነው የምጽፈው።

ዛሬ ከሰዓት እሱ ዘንድ ተቀመጥኩ። ተኝቶ ነበር። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ዝም። ደረቱ ይታገላል። ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። ዐሥር። ሃያ። ሠላሳ አንድ ላይ አልቻልኩም፣ ትከሻውን ነቀነቅኩት። ባነነ፣ አየኝ፣ በዓይኑ ፈገግ አለ። አፉ እንደታሰረ በእጁ ውኃ ፊቱ ላይ እንደሚያፈስ ሰው አደረገ። በጠርሙሱ መቀለዱ ነው። አልተናደደብኝም። የሚናደድበትን ነገር ገና አያውቅማ።

ሮማነወርቅ ሃያ ዓመት የሰማችውን እኔ ግማሽ ሰዓት ሰምቼ አልቻልኩም።

ከታኅሣሥ 13 ጀምሮ ያለውን ደብተር ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩ። ማንበብ መቻል ክፉ ነገር ነው። «ለብቻው ሳገኘው» ይላል። ለብቻው መጣ። «ሲመለስ» ይላል። ተመለሰ። «ሰው ብዙ ነበር» ይላል። ፍሬን ነው ብዬም ጽፌያለሁ፤ ያንን መስመር ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት። የፈራሁት አንዲት ስም ነው። ለሐዲስ በአንድ ትንፋሽ ያወጣሁትን ዓይነት ስም።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ለሮማነወርቅ «ድርጅቱ ሄጄ እናገራለሁ» አልኳት። «አቶ መርጋንም ይዘኸው ሂድ፣ አንተን ብቻህን ማን ያምንሃል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለአቶ መርጋ ነገርኩት፤ እመጣለሁ አለ። ጓደኛዬ ከእኔ ጋር በአንድ በሽታ እንደታመመ ስነግረው «ታዲያ ለምን አላመጡልኝም?» አለ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

የመሐመድሰዒድ ጉዳይ የሚታይበት ስብሰባ የድርጅቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ጫኝና አውራጁ ሁሉ ነበር። ከእኛም ማቆሚያ ሰንበታና ሌሎች መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። መሐመድሰዒድ መንጋጋው እንደታሰረ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

እጄን አወጣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ ጠርሙስ የእኔ ነው። እኔ ነኝ ውኃ ሞልቼ የሰጠሁት። እንቅልፍ የሚጥል በሽታ አለበት፤ እኔም አለብኝ።»

«የምን እንቅልፍ?» አለ ሊቀመንበሩ። «ባለጋሪው፣ እዚህ ለቀልድ አልመጣህም።»

እኔን የሚያምን ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ስቀልድ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ቆርቆሮውን ከኪሴ አወጣሁ፣ ልጓሙን አውጥቼ በሁሉም ፊት አፌ ውስጥ ከተትኩት። መንጋጋዬ ወደ ፊት ወጣ። ለመናገር ሞከርኩ፣ ተንተባተብኩ፣ ምራቄ አገጬ ላይ ወረደ። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከበሩ «ልጓም!» የሚል ሰማሁ፤ የሰንበታ ድምፅ ነው። ስሙ ወጣልኝ። ይህን ያህል ዘመን የፈራሁት ይሄው ነበር፤ አንድ ቃል።

አቶ መርጋ ተነሥቶ ሁሉን ነገር አስረዳ። መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ የሚቋረጠውን ትንፋሽ። ሀጂራም ሌሊት ሌሊት እየቆጠረች እንደምታድር ተናገረች። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሊቀመንበሩ ልጓሙን እንዳወጣ ምልክት ሰጠኝና ጠየቀኝ።

«ይህን ዕቃ የያዝከው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከታኅሣሥ አንድ።»

መሐመድሰዒድ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ አንድ በአንድ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ታኅሣሥ። ጥር። የካቲት። ሻይ የጠጣባትን ማታ እየፈለገ ነበር። ሲያገኛት አወቅኩ፤ ጣቱ ቆመ።

የስካሩም የአሻጥሩም ክስ ተነሣለት። አይታሰርም። መንጃ ፈቃዱ ግን ተያዘ፤ የመጋዘን ጥበቃ ይሆናል። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። አላየኝም።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ሰንበታ ለብቻዬ ጠርቶ ወሰደኝ። ሊሳለቅብኝ መስሎኝ ነበር።

«ታላቅ ወንድሜም ትንፋሹ ይቆማል» አለኝ በሹክሹክታ። «አቶ መርጋ ስንት ሰዓት ነው የሚገኘው?»

ነገርኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

መሐመድሰዒድንና ሀጂራን በጋሪ ወደ አቶ መርጋ ወሰድኳቸው። የፊት ጥርሶቹ ከላይ ስድስት፣ ከታች አራት የሉም። የቀሩትም ይነቃነቃሉ። አቶ መርጋ ብዙ አየ፣ በጣቱ ነካካ፣ እጁን ታጠበ።

«ዕቃው የሚይዘው ጥርስ ይፈልጋል» አለ። «መንጋጋውም እንዲህ እንዳለ ወደ ፊት ሊሳብ አይችልም። ምናልባት ዓመት ቆይተን እናያለን። ላይሆንም ይችላል።» ከዚያ ለእኔ፣ ምንም ሳያውቅ፦ «የቀሩትን ያያሉ? አጥንታቸው እንዴት ያለ ነው! ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ከእርስዎ ይልቅ ለእሱ ይሆን ነበር።»

ለጊዜው በጀርባው እንዳይተኛ፤ ሸሚዙ ጀርባ ላይ የሚቆረቁር ነገር ይሰፋበት፣ ወደ ጎን እንዲገላበጥ። ያለን ይኸው ብቻ ነው።

በመልሱ ጋሪው መንጋጋውን እንዳያንገጫግጨው ዳማን ቀስ አድርጌ ነዳሁት።

መጋቢት 13፣ እሑድ

የበቆሎ ቆረቆንዳ መርጬ ይዤ ሄድኩ። ወፍራም፣ ደረቅ፣ በደንብ የሚቆረቁር። ሀጂራ የሸሚዙ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍታ ሦስቱን ደረደረችበት። መሐመድሰዒድ ለበሰውና ግድግዳው ላይ ደገፍ ሲል ዘሎ ተነሣ። ጨርቁ ከመንጋጋው ከተፈታ ስድስት ቀኑ ነው፤ ለእኔ ግን አንድም ቃል አልተናገረኝም ነበር።

ጀርባውን በእጁ ደባበሰና አየኝ። የፊት ጥርስ በሌለው አፉ ቀስ እያለ ተናገረ።

«ልጓሙን ለራስህ አስቀረህ። ለእኔ ኮርቻውን አመጣህልኝ።»

ሀጂራ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ እንደ አቶ ሐዲስ። እኔ ለመሳቅ ፊቴን አዘጋጀሁ፣ ግን አልመጣም። ከእኔ ቀልዶች ሁሉ ይበልጣል።

አሁን መሽቷል። ሮማነወርቅ ቆርቆሮውን አቀበለችኝ። አፌ ውስጥ ከመክተቴ በፊት አንድ ቀልድ ልበል ብዬ ብዙ ቆየሁ፤ እሷም ጠበቀችኝ። ቀልዱን ተውኩት። ከተትኩት።